በእጃችን "ፍንጭት" ብለን የምንጠራትን ቲቸራችንን እናስታውሳት

አደይ07 — መስከረም 5፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ።

መስከረም 9 ቲቸር ያረፈችበት አንደኛ ዓመት ነው። ስሟን አልጽፍም። ቤተሰቧ ስሟ ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ አልፈለጉም፣ ፍላጎታቸውን አከብራለሁ። ለእኛ ለተማሪዎቿ ደግሞ ችግር አይደለም። ትንሿን ጣት የፊት ጥርስ ላይ ሁለቴ ነካ ነካ ማድረግ፣ በቃ እሷ ናት። ፍንጭት ነበረች። ያንን ምልክት የሚያውቅ ሁሉ ስለማን እንደማወራ አሁን ገብቶታል።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። የምልክት ስም ማንም ለራሱ አያወጣም። መስማት የተሳናቸው ሰዎች አይተው ያወጡለታል። ጠባሳ ሊሆን ይችላል፣ ዲምፕል ሊሆን ይችላል፣ ሲስቅ የሚያደርጋት ነገር ልትሆን ትችላለች። ሰሚ ሰው የምልክት ስም ወጣለት ማለት ቤተኛ ሆነ ማለት ነው።

እኔ እስከ 7 ዓመቴ እሰማ ነበር። ማጅራት ገትር ያዘኝ። ከሆስፒታል ስወጣ ሰው ሁሉ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅ የለም። የተቆጡኝና ሆን ብለው የዘጉኝ መስሎኝ ነበር። እናቴ ጸበል ወሰደችኝ፣ ሁለት ሱባኤ ተቀመጥን። ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ዋልኩ። የሰፈር ልጆች ስም አወጡልኝ። ያንን ስም እዚህ አልጽፈውም።

ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን 11 ልጆች በግማሽ ክብ ተቀምጠው ነበር። ለምን እንደዚያ እንደተቀመጡ ኋላ ነው የገባኝ። በረድፍ ብንቀመጥ የምናየው የፊተኛውን ልጅ ጀርባ ነው፣ የሚያወራውን እጅ አናይም። ቲቸር መጥታ ፊቴ ተንበረከከች። ስሜን ሰሌዳ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያጠፈች ፊደላቱን እጄ ላይ ሠራቻቸው።

የእኛ የእጅ ፊደል እንዴት እንደሚሠራ ብዙ ሰሚ ሰው አያውቅም። "ለ" የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው። ሉ፣ ሊ፣ ላ እያለ ሲሄድ ቅርጹ አይቀየርም፣ የሚቀየረው የእጁ እንቅስቃሴ ነው። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያልን የተማርነውን ሰባቱን ቤት እጃችን ላይ አለን። እኔ ከመታመሜ በፊት እስከ "መ" ደርሼ ነበር። ከ"ሠ" ጀምሮ ያለውን በእጄ ነው የተማርኩት። ዛሬም ሳነብ ጣቶቼ ቀስ ብለው ይንቀሳቀሳሉ።

ስሜን እጄ ላይ ሠርታ ስትጨርስ ደገመችው። ከአንድ ዓመት በኋላ ሰው ስሜን ሲጠራኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

አንቱ ሳልላት ብጽፍ ድፍረት አይምሰላችሁ። ክፍል ውስጥ እሷን የምንጠራው በጣት እየጠቆምን ነበር፣ ጣት ደግሞ አንቺና እርስዎ አይልም። የምታስታውሱትን ጻፉልኝ። ሰብስቤ ለልጆቿ ልሰጣቸው ነው።

---

የቄራው — መስከረም 5፣ ማታ 2፡58

ነፍስ ይማር። ምልክቷን ሳነብ እጄ ብቻውን ጥርሴ ላይ ሄደ።

---

ጡረተኛው — መስከረም 5፣ ማታ 4፡15

እኔ ተማሪያቸው አልነበርኩም። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ለብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሴትዮዋን ያወቅኋቸው በአንድ መዝገብ ነው።

መስማት የተሳነው አንድ ወጣት ሞባይል ሰርቀሃል ተብሎ ተከሷል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ካላወቀ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ወረቀቱ ይላል። ሰው ግን የለም። ቀጠሮ ይሰጣል፣ አስተርጓሚ አልተገኘም ይባላል፣ ልጁ ተመልሶ ይገባል። ሦስት ጊዜ እንደዚህ ሆነ። ልጁ ለምን እንደሚመላለስ እንኳን የነገረው ሰው አልነበረም።

በአራተኛው እሳቸው መጡ። ጥቁር ሹራብ ለብሰው፣ ያለ ቀለበት ያለ አምባር። ዳኛው ጠየቁ፣ ልጁ በእጁ መለሰ፣ እሳቸው ጮክ ብለው "እኔ አልወሰድኩም፤ እኔ ታክሲ እየጠበቅሁ ነበር" አሉ። ዳኛው ግራ ገባቸውና "ወይዘሮ፣ የተከሰሱት እርስዎ አይደሉም" አሉ። እሳቸው ፈቃድ ጠይቀው አስረዱ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ የምናገረው የእሱን ቃል ነው። እሱ እኔ ካለ እኔም እኔ እላለሁ። የራሴን ቃል መናገር ካስፈለገኝ 'አስተርጓሚዋ' ብዬ እጀምራለሁ።" ያን ሁሉ ዓመት ስሠራ አስተርጓሚ "አልወሰድኩም ይላል" ሲል ነበር የምሰማው። "ይላል" የምትለው ቃል ሰውየውን ከችሎቱ ታስወጣዋለች። እስከዚያ ቀን ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ሌላ ነገር ወጣ። ልጁ ሲያዝ በሰጠው ቃል ላይ "አምኗል" ተብሎ ተጽፏል። ጠያቂው በአፉ ጠይቆታል፣ ልጁ ሁሉንም ራሱን እየነቀነቀ አልፎታል። ልጁ በእጁ እንዲህ አለ፦ "ሰው ሲቆጣ ራሴን እነቀንቃለሁ። ከነቀነቅሁ አይመቱኝም።" እሳቸው ይህን ሲተረጉሙ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ፊታቸው ግን የልጁን ፊት ይመስል ነበር።

ልጁ በነፃ ተለቀቀ። እናቱ ውጭ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ወደ ልጁ አዙረዋት "እሱ ነው የተናገረው" ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

---

የኬሪያ እናት — መስከረም 6፣ ጠዋት 1፡20

አላህ ይዘንላቸው። ጀነት ይወፍቃቸው።

ይሄን የምትጽፍልኝ ትንሿ ልጄ ናት፣ እኔ እያልኳት። ፊደል አውቃለሁ፣ ስልክ ላይ ግን እጄ ዘገምተኛ ነው።

ትልቋ ልጄ ስትወለድ ጀምሮ አትሰማም። ቤት ውስጥ የራሳችን ምልክት ነበረን። ብዪ፣ ተኚ፣ ነይ፣ ተይ። ከዚያ አያልፍም። አምስት ዓመት ሆኗት አባቷ ሞተ። ሰው ተሰበሰበ፣ ተለቀሰ፣ ሄደ። እሷ ግን ማታ ማታ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ጫማውን አውጥታ በሩ አጠገብ ታስቀምጣለች። እኔ በምን ቃል ልንገራት? ሰማይ አሳያታለሁ፣ ወደ ሰማይ ታይና ወደ በሩ ትመለሳለች። ሁለት ዓመት ጠበቀችው።

ትምህርት ቤት ሳስገባት ለመምህርቷ ይሄን ነገርኳቸውና "እባክዎን እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እርስዎ ቋንቋውን ያውቃሉ" አልኳቸው። እምቢ አሉኝ። በጣም አዘንኩባቸው። "የአባቷን ሞት ከኔ ከሰማች እድሜ ልኳን የምታስታውሰው የመምህሯን እጅ ነው። ካንቺ ነው መስማት ያለባት። ቅዳሜ ቅዳሜ ነይ" አሉኝ።

ቅዳሜ ለወላጅ ያስተምሩ ነበር፣ ያለ ክፍያ። እኔ ያኔ ፊደልም አልቆጠርኩም። ምልክቱንና ፊደሉን አንድ ላይ ነው ያስያዙኝ። ልጄ ሀ ስትል እኔም ሀ። ቤት ስንገባ እሷ ታርመኛለች፣ ጣቴን ይዛ ታስተካክለዋለች። ስድስት ወር ፈጀ። አንድ ቅዳሜ "ዛሬ ትችያለሽ" አሉኝ።

ቤት ገብቼ ቡና አፍልቼ ቁጭ አደረግኳት። አባትሽ፣ ታመመ፣ ሞተ፣ አይመለስም፣ አንቺን ይወድ ነበር። አምስት ነገር ነው ያልኩት። ብዙ አየችኝ። ከዚያ "የት ነው ያለው?" አለችኝ። መቃብሩን ወስጄ አሳየኋት። ከዚያን ቀን በኋላ ጫማውን አላወጣችም።

ልጄ አሁን ልብስ ስፌት ትሠራለች፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ልጆቿ ይሰማሉ። በሁለቱም ያወራሉ።

---

ሰላማዊት_ጅዳ — መስከረም 6፣ ቀን 9፡05

ከላይ ያለውን አንብቤ አልቅሼ ጨረስኩ። እኔም ቅዳሜ ከገቡት ነኝ፣ ግን እህት ነኝ።

ወንድሜ መስማት አይችልም። ወደ ሳዑዲ ልሄድ ሦስት ወር ሲቀረኝ ነው ቲቸርን ያገኘኋት። "ስትሄጂ በምን ልታወሩ ነው?" አለችኝ። አላሰብኩበትም ነበር። ስልክ ስደውል እናቴን ነው የማወራው፣ እሷ ሰላም በይው እላታለሁ፣ በቃ። ገንዘብ የምልክለት ሰው ግን እሱን ነው!

ሦስት ወር ሙሉ ሥራ ፈት ስለነበርኩ ከቅዳሜም ሌላ እየሄድኩ ተማርኩ። ቲቸር በመጀመሪያ ያስተማረችኝ ሰላምታ አልነበረም። "አልገባኝም፣ ድገምልኝ" የሚለውን ነው። ሰሚ ሰው የማያውቀውን እንዳወቀ ሆኖ ራሱን ሲነቀንቅ መስማት የተሳነው ሰው ያውቅበታል፣ ያኔ ማውራት ያቆማል አለችኝ። ቅንድቤንም አስለምዳኛለች። ቅንድብ ካልተነሳ ጥያቄው ጥያቄ አይሆንም፣ ፊትሽ ዝም ካለ እጅሽ ብቻውን ደረቅ ነው ትል ነበር።

አሁን 8 ዓመቴ ነው እዚህ። ማታ ሥራ ስጨርስ በኢሞ እንገናኛለን። ማዳም ቤት ሰው ተኝቶ እንኳን ማውራት እችላለሁ፣ ድምፅ የለውማ። መብራቱን ወደ እጄ አዞራለሁ፣ ስልኩን ቡና ጣሳ ላይ አስደግፋለሁ። ሲስቅ አየዋለሁ። ሊያገባ ሲል ከእናቴ በፊት ለኔ ነው የነገረኝ።

ቀብሯ ላይ አልነበርኩም። ወንድሜ ሄዶ ነበር፣ ቪዲዮ ደውሎ አሳየኝ። እጆች ብቻ ነበር የሚታየኝ።

---

ዝምታው — መስከረም 6፣ ማታ 1፡30

እኔ መስማት የተሳነኝ ነኝ። መጀመሪያ ቋንቋዬ ምልክት ነው፣ አማርኛዬ ቢሰበር ታገሱኝ።

ቲቸርን አከብራለሁ። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ሁልጊዜ የምናመሰግነው ሰሚ ሰው ነው። ሰሚ አስተማረ፣ ሰሚ አስተረጎመ፣ ሰሚ ረዳን። እኛን ያስተማሩን መስማት የተሳናቸው ሰዎችስ? ስማቸውን ማን ጻፈ? አንደኛ ዓመታቸውን ማን አሰበ?

ቋንቋው የኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ከተማ ላይ መምህራን ተሰብስበው ምልክት ከትምህርት ቤት ይውጣ፣ ልጆቹ በአፍ ይናገሩ ብለው ወሰኑ። የወሰኑት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰሚዎች ናቸው። በዚያ ውሳኔ ምክንያት በብዙ አገር ልጆች እጃቸውን ተመቱ፣ እጃቸው ላይ እንዲቀመጡ ተደረጉ። ያንን ውሳኔ ጉባኤው የሻረው እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው። 130 ዓመት!

አፍሪካ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤት የከፈተው ማን ነው? አንድሪው ፎስተር። ጥቁር አሜሪካዊ፣ 11 ዓመቱ ላይ መስማት ያቆመ። እሱም እንደ አደይ በማጅራት ገትር። ዋሽንግተን ከሚገኘው የመስማት የተሳናቸው ዩኒቨርሲቲ፣ ከጋላውዴት፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በዲግሪ ተመረቀ፣ የመጀመሪያው ጥቁር ተመራቂ ተብሎ ይታወቃል። በ1957 ጋና ገባ። ከዚያ በኋላ ከ30 በላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1987 ሩዋንዳ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የራሳችን ሰው ነው። መንገድ ላይ ስሙን ብትጠይቁ ማን ያውቀዋል?

ቲቸርን አትውደዱ አላልኩም። ስንጽፍ ግን ሰሚዋ ብቻዋን እንደሠራችው አናድርገው።

---

አደይ07 — መስከረም 6፣ ማታ 3፡10

ዝምታው፣ ትክክል ነህ። አልተቀየምኩም። እንደውም ይሄን የምትል አንተ መሆንህ ደስ አለኝ፣ እሷም ይሄንኑ ነበር የምትለው።

ስለ ፎስተር መጀመሪያ የነገረችን እሷ ናት። ታስታውሳለህ አይደል፣ ከሰሌዳው በላይ ፎቶው ነበር? እሷ "ይሄ ሰውዬ እንደናንተ ነው" ስትለን አንዱ ልጅ ተነስቶ "ጥቁር ነው ማለትሽ ነው ወይስ አይሰማም?" ብሎ ጠየቃት። "ሁለቱንም" አለችው።

እሷስ ከማን ተማረች? ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ልጻፈው። ወጣት ሆና ተከራይታ የምትኖርበት ግቢ ውስጥ መስማት የተሳናቸው አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱሪ ልታሳጥር ሄዳ ነው የጀመረችው። ሰውዬው ሲነጋገሩ ደንበኛው ሁሉ ይስቅ ነበር፣ እሷ ግን አልሳቀችም፣ አየች። ማታ ማታ ሱቃቸው እየሄደች መማር ጀመረች። ሁለት ዓመት ያስተማሯት በኩራዝ ነው፣ መብራት ሲጠፋ። የምልክት ስሟንም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ኮሌጅ የገባችው ከዚያ በኋላ ነው።

በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲስ ተማሪ ሲገባ ሁላችንንም ሰብስባ ወደ ሱቃቸው ትወስደናለች። "እኔ መምህራችሁ ነኝ፣ እሳቸው ደግሞ የኔ መምህር ናቸው" ትለናለች። ሽማግሌው ከረሜላ ያድሉን ነበር። ምልክታችንን ያርማሉ፣ የሷንም ጭምር። እኛ ፊት ሲያርሟት አታፍርም፣ ወዲያው ትደግመዋለች። አስተማሪ ሲታረም ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ሰውዬው አሁንም በሕይወት አሉ። አይናቸው ደክሟል። ስለዚህ ምልክት ሲያወሩ እጃችንን ይዘው በመዳበስ ነው የሚረዱን። ርዕሱን ስጽፍ እሳቸውን ማስገባት ነበረብኝ፣ አጥፍቻለሁ።

---

ዝምታው — መስከረም 6፣ ማታ 3፡22

ከረሜላው! ረስቼው ነበር። አመሰግናለሁ እህቴ።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ — መስከረም 7፣ ንጋት 11፡45

ከአሜሪካ ነኝ። ጋላውዴት ከሚገኝበት ሰፈር ብዙም ሳልርቅ ነው የምሠራው፣ ካፌ ውስጥ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ይመጣሉ። ቲቸር ልጅ እያለሁ ለጎረቤታችን ልጅ ስታወራ እያየሁ የለቀምኳቸው ጥቂት ምልክቶች ነበሩኝ። አንድ ቀን ሳላስበው "አመሰግናለሁ" አልኩት ለአንድ ተማሪ። ገባው። የእኛ ምልክት ቋንቋ ውስጥ በሚሲዮኖች በኩል ከአሜሪካው የገባ ብዙ ነገር እንዳለ የነገረኝ እሱ ነው። ቀጥዬ "ቡና" ስለው ግን ግራ ገባው፣ የኛን ነው ያልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። ነፍሷን ይማር።

---

ጥቁር ሹራብ — መስከረም 7፣ ማታ 2፡00

ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ገብቼ ተመረቅኩ። ዲግሪው ቋንቋውን አስያዘኝ። ሥራውን ያስያዘችኝ ግን ቲቸር ናት፣ ሁለት ዓመት ከኋላዋ እየተከተልኩ።

ጡረተኛው የጻፉት ጥቁር ሹራብ ለጌጥ አይደለም። እጅ የሚታየው ከጀርባው ያለው ልብስ አንድ ወጥና ከቆዳችን የተለየ ሲሆን ነው። አበባ አበባ ያለበት ሸሚዝ ለብሼ ስሄድ "ዛሬ ተንተባተብሽ" አለችኝ። መስኮት ከኋላሽ አይሁን፣ ፊትሽ ይጨልማል። ብርሃን ሁልጊዜ ከፊት ይምጣ። ረጅም ስብሰባ ብቻሽን አትያዢ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ አእምሮሽ ሲደክም እጅሽ መዝለል ይጀምራል፣ አንቺ ግን አይታወቅሽም። ሁለት ሆናችሁ ተቀያየሩ። ይሄን ለአዘጋጆች ስትናገር "ለምን ሁለት እንከፍላለን?" ይሏታል። ብዙ ጊዜ የራሷን ክፍያ ከኔ ጋር ተካፍላለች።

አንድ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ጋር ተጠራን። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበር፣ ግን አይኑ እኛ ላይ ነው። "ትግፋ በያት" ይላል። "ስንት ልጅ አላት?" ይለናል። ቲቸር ከሴትዮዋ ራስጌ ተነስታ ሐኪሙ አጠገብ ሄዳ ቆመች፣ እሱ ቀና ሲል አይኑ ሴትዮዋ ላይ እንዲያርፍ። ምንም አላለችውም፣ አልመከረችውም። በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሐኪሙ ራሱ ሴትዮዋን እያየ "ደክሞሻል?" አላት። ሴትዮዋ ከመለሰች በኋላ ሳቀች፣ በዚያ ምጥ መሀል።

ልጁ ሲወለድ እናትየው የመጀመሪያ ጥያቄዋ "አለቀሰ?" ነበር። ቲቸር አልቅሷል ብቻ አላለቻትም። የአለቃቀሱን ዓይነት ነገረቻት፣ ቀጭን መሆኑን፣ የሚቆራረጥ መሆኑን፣ አሁን ደግሞ መናደዱን። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ እያየሁ ነበር። ይሄን ሥራ እንደማልተወው ያወቅኩት ያን ሌሊት ነው።

ከዚያ ወጥተን ታክሲ ውስጥ ስለ ሴትዮዋ ላወራ ስል እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። "እዚያው ይቅር።" ብዙ ሰው ቤት ገብታ የሰማችው ነገር ነበር፤ ፍቺ፣ ሕመም፣ እስር። ቡና ላይ እንኳን አንድ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ስለዚህ የሌሊቱን ታሪክ እንድጽፍ ሴትዮዋን አስፈቅጃለሁ። ጻፊው ብላኛለች።

መጨረሻ አካባቢ ቀኝ እጇ ደከመ። በግራ ብቻ ነበር የምታወራው። አንዳንዱ ምልክት ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ አልሆንላት ይል ነበር። ያኔ ተማሪዎቿ መጥተው አልጋዋ አጠገብ ይቀመጡና የጎደለውን እጅ ያበድሯታል። የሷ ግራ፣ የነሱ ቀኝ። አንድ ቃል ለሁለት ይሠሩ ነበር።

የቀብሩን ነገር ብዙ ሰው ጠይቆኛል። አዎ፣ ፍትሐቱን ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ከግዕዙ ወደ አማርኛ ቀድሞ አንድ ዲያቆን አዘጋጅቶልኝ ነበር። ግማሽ ላይ እጄ ቆመ። እንባ አይን ሲሞላ ሰው አይታይም፣ ለኔ ሥራ ደግሞ አይን ማለት ጆሮ ነው። ምትክ አልነበረኝም። እሷ ሁለት ሁኑ ብላ ስታስተምረኝ የኖረችውን ለሷ ቀን ረሳሁት። ያኔ አደይ ከሰልፉ ወጥታ ወረቀቱን ተቀበለችኝ፣ ከወረቀቱ እያነበበች በእጇ ጨረሰችው። መስማት የተሳናት ልጅ ለመስማት ለተሳናቸው። ካህኑ ቆመው ጠበቋት።

---

የቄራው — መስከረም 7፣ ማታ 2፡31

እኔ እዚያ ነበርኩ። ስትጨርስ ሁላችንም እጃችንን አነሳን። ከመቃብሩ ወዲያ ማዶ የቆሙት ሰሚዎችም አነሱ።

---

ናትናኤል አይደለሁም — መስከረም 8፣ ቀን 6፡10

አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ገንዘብ አዋጥተን በክፍሉ በር ላይ የእብነ በረድ ጽሑፍ ብናሠራላትስ?

---

ዝምታው — መስከረም 8፣ ቀን 7፡02

እብነ በረድ አልቃወምም። እኔ ግን ቪዲዮ እፈልጋለሁ። ሽማግሌው ልብስ ሰፊ የሚያውቋቸው የድሮ ምልክቶች አሉ፣ አሁን ወጣቱ የማያውቃቸው። ቲቸር ታውቃቸው ነበር፣ ይዛቸው ሄደች። እሳቸው ሳይሄዱ እንቅረጻቸው። እኔ ካሜራ አለኝ፣ ኤዲቲንግም እሠራለሁ። መስከረም 13 የዓለም የምልክት ቋንቋዎች ቀን ነው፣ በዚያ ቀን እንጀምር። ለገንዘቡ ሳይሆን ለጊዜ ነው ሰው የምፈልገው፣ ከጽሑፍ ጋር የሚያመሳክር።

---

ጡረተኛው — መስከረም 8፣ ቀን 8፡30

እኔ ጊዜ አለኝ። መዝገብ መጻፍና ማመሳከር የሠራሁበት ነው። ምልክት አላውቅም፣ ግን እማራለሁ። ቅዳሜ የሚያስተምር አለ?

---

የኬሪያ እናት — መስከረም 8፣ ቀን 9፡00

ልጄ ታስተምርዎታለች። ከሱቋ በላይ ባለው ክፍል፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ከኔ ጀምራለች፣ ትዕግሥት አላት።

---

አደይ07 — መስከረም 8፣ ማታ 1፡15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን አትሜዋለሁ፣ ነገ ለልጆቿ እሰጣለሁ። ዝምታው፣ 13 ላይ እመጣለሁ። ሽማግሌውንም አናግሬያቸዋለሁ፣ መዳፌ ላይ "እሺ" ብለውኛል።

ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ከቅዳሴ በኋላ ቤቷ እንገናኛለን። ድንኳን ተጥሏል። የጾም ቀን ለሆነበት የጾም፣ ለሙስሊም እንግዶቻችንም ለብቻ ተዘጋጅቷል። የሚያስተረጉሙት ሁለት ናቸው፣ ጥቁር ሹራብ ብቻዋን አይደለችም።

ድንኳኑን የተከሉት ልጆች አፉን ወደ ምዕራብ አድርገውት ነበር፣ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባ ሆና የተናጋሪው ፊት ሊጨልም ነው። ነቅለው አዙረውታል።

ሽማግሌው ከፊት ይቀመጣሉ። እጃቸውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፣ በየ20 ደቂቃው እየተቀያየርን። እኔ አንደኛ ነኝ። ማን ይከተለኛል?

---

የቄራው — መስከረም 8፣ ማታ 1፡17

እኔ።

---

ዝምታው — መስከረም 8፣ ማታ 1፡18

ከሱ ቀጥሎ እኔ።